አክተሩ ራሱ ሌባ ሲሆን፦ የፊልም ኑዋር መርማሪዎችን ለምን እንወዳለን?

ጥላ ከለላ (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ቤተሰብ። ማስጠንቀቂያውን ላስቀድም። ስለ ፊልም ኑዋር፣ እንደ 1940ዎቹ ባሉ ጨለማ የበዛባቸው የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች፣ መጨረሻቸውን እያነሳሁ ነው የምጽፈው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ስለሆኑ ይቅርታ አልጠይቅም። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ስንገባ ሕጉ ቀላል ነበር። አክተር አይሞትም። አክተር አይሰርቅም። አክተር የጓደኛውን ሚስት ቀና ብሎ አያይም። ያንን የሚያደርገው ሌባው፣ ክፉው ሰውዬ ነው። አግዳሚው ላይ ተጣበን «ከኋላህ! ከኋላህ!» ብለን የምንጮኸው ለሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን አየን። የ1941ዱን፣ ሃምፍሪ ቦጋርት የሚሠራበትን። ወንድሜ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አየና «ቆይ፣ አክተሩ የቱ ነው?» አለኝ። ያሾፈ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው።

እስቲ ሰውየውን ተመልከቱት። ሳም ስፔድ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የግል መርማሪ ነው። ሸሪኩ ማይልስ አርቸር በሌሊት ተተኩሶበት ይሞታል። ስፔድ አያለቅስም። ለጸሐፊው የሚሰጣት ትእዛዝ የሟቹ ስም ከቢሮው ላይ እንዲነሳ ነው። ከዚያ የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ ከች ትላለች። ለሐዘን መስሏችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል። ለካ ከስፔድ ጋር ቆይተዋል። ባሏን የገደለው እሱ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ይስቃል።

ደንበኛው ብሪጅድ ኦሾኔሲ ትባላለች። ውሸታም መሆኗን ገና ከመጀመሪያው ነቅቶባታል። ቢሆንም የቀራትን አምስት መቶ ዶላር ይቀበላታል። መጨረሻ ላይ አርቸርን የገደለችው እሷ መሆኗን ይነግራታል። ይወዳታል፣ ቢያንስ ሊወዳት ጫፍ ደርሷል። አሳልፎ ለፖሊስ ይሰጣታል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ምክንያቶቹን ሲደረድርላት ነው። ሸሪኩ የተገደለበት ሰው ዝም አይልም ይላል። ለሙያው ነውር ነው ይላል። ብለቅሽ ነገ ለኔም አትመለሺም ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። አንዱም ብቻውን አያሳምንም። ራሱን እያሳመነ ያለ ሰው ነው የሚመስለው። አርቸርን ደግሞ አይወደውም ነበር እኮ! ሚስቱን ሲያማግጥበት የነበረ ሰው ነው።

እኔ የምለው፣ ይሄን ሰው የምንወደው ጉድለት ስላለበት አይደለም። ጉድለትማ ሠፈራችንም ሞልቷል። ሁሉን ሸጦ ሸጦ አንድ የማይሸጠው ነገር ስለሚቀረው ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ እሱ ራሱ በቅጡ አያውቀውም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዝምተኛው

ወንድምህ ልክ ነው። ሰውየው ሌባ ነው።

የፒያሳ ልጅ

ጥሩ ክር ነው የከፈትከው። አንድ ትዕይንት ዘለልክ ግን። ስፔድ የወንጀለኞቹ አለቃ የሆነው ወፍራሙ ጋትማን ክፍል ውስጥ ይቆጣል፣ ብርጭቆ ይሰብራል፣ በሩን ወርውሮ ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ እጁን ያያል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ፈገግ ይላል። ቁጣው ትወና ነበር፣ ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር። ለኔ ፊልሙ እዚያ ኮሪደር ላይ ነው ያለው። የኛ የቪዲዮ ቤት አክተር እጁ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ሌላው፣ ይሄ ሰው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ልቦለዱን በ1930 ያሳተመው ዳሺል ሃሜት ራሱ ፒንከርተን የሚባለው የመርማሪዎች ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ሥራውን ያውቀዋል። መርማሪ ማለት ውድ ኮት የለበሰ ሊቅ ሳይሆን ደረጃ ላይ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ፣ እግሩ የሚበርደው ሠራተኛ እንደሆነ ያውቃል።

ለጨዋታ ያህል ደግሞ፣ መጽሐፉ ከዚያ በፊት በ1931 እና በ1936 ሁለት ጊዜ ፊልም ሆኗል። ማንም አያነሳቸውም። ሦስተኛው ነው የኖረው፤ ያውም ጆን ሂዩስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክት ባደረገው ፊልም። ስፔድን እንዲሠራ መጀመሪያ የተጠየቀው ጆርጅ ራፍት ነበር፤ እምቢ አለ። ቦጋርት ያን ጊዜ ወንበዴ እየሆነ በየፊልሙ ሲሞት የኖረ ሰው ነው። «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ቀድሞ ያፈረሰው እሱ ነው ማለት ነው፣ ሃሃ።

መብራት ጠፋ

ሁላችሁም ስለ ሰውየው ነው የምታወሩት። እስቲ መብራቱን አብሩት። ወይም አጥፉት።

እኔ ቪዲዮ ቀረጻ ላይ ነው የምሠራው፤ ሠርግ፣ ማስታወቂያ፣ ያገኘሁትን። ደንበኛ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ፊት ይታይ!» ፊልም ኑዋር ደግሞ ፊት እንዳይታይ የሚለፋ ፊልም ነው። አንድ ዋና መብራት በጎን በኩል ያቆማሉ። ጥላውን የሚያለሰልሰውን ሁለተኛ መብራት ይቀንሱታል ወይም ጭራሽ ይተዉታል። የሰውየው ግማሽ ፊት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው «ይሄ ሰው ሁለት ልብ አለው» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም። መብራቱ ነግሮናል።

ይሄ ከየት መጣ? አንደኛ ነገር ከጀርመንና ከኦስትሪያ። ፍሪትዝ ላንግ፣ ቢሊ ዋይልደር፣ ሮበርት ሲዮድማክ፣ እነዚህ ሁሉ ከሂትለር የሸሹ ሰዎች ናቸው። የተጣመመ ጥላና ያዘነበለ ግድግዳ በርሊን ሳሉ የለመዱት ነው። ሁለተኛ ነገር ድህነት። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ስትገባ መንግሥት ለአንድ ፊልም የሚገዛውን አዲስ የማስጌጫ ዕቃ በ5,000 ዶላር ገደበው። ግድግዳ መሥራት ካልቻልክ ምን ታደርጋለህ? ጨለማ ታደርገዋለህ። ጭጋግ ትለቅበታለህ። «ዲቱር» የሚባለውን የ1945 ፊልም እዩት። ሰባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ርካሽ ነው፣ የትም አትሄዱም፣ ግን አይለቃችሁም።

ስሙን ያወጡትም ሠሪዎቹ አይደሉም። ሆሊውድ ሜሎድራማ ነበር የሚላቸው። ፈረንሳይ በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ፊልም አልገባላትም ነበር። በ1946 የተጠራቀመው በአንዴ ፓሪስ ሲደርስ ኒኖ ፍራንክ የሚባል ሐያሲ «ፊልም ኑዋር» ብሎ ጻፈ፤ ጥቁር ፊልም ማለቱ ነው። የፈረንሳዮቹ ዓይን ያየው እነዚህ ፊልሞች ወንጀለኛውን ፍለጋ ትተው ሰውየው ላይ ማተኮራቸውን ነው።

ስለዚህ ጥላ ከለላ፣ «አንድ የማይሸጠው ነገር» ያልከው ምናልባት ጥላ ነው። ያልበራው ግማሽ ፊት ላይ አንተ የፈለግከውን ትሞላበታለህ።

ሻይ በሎሚ

ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ ግን አንድ ነገር አንጀቴን አቃጠለኝ። «አንድ የማይሸጠው ነገር» ስትል ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው? ብሪጅድ ናት። ሊፍቱ ውስጥ ገብታ፣ በሩ እንደ እስር ቤት ብረት ፊቷ ላይ ሲዘጋ ታያለህ። እሱ ከባልደረባው ሚስት ጋር የማገጠው፣ ገንዘብ የተቀበለው፣ ሲስም ያመሸው ሰው በደረጃ ወረደ። እሷ በሊፍት ወረደች።

ገዳይ መሆኗን አልካድኩም። ግን በዚህ ዘውግ ውስጥ ሁሌም ጥፋቱ የጋራ ነው፣ ስሙ የሴቷ ነው። ፈረንሳዮቹ ለሷም ስም አውጥተውላታል፣ «ፋም ፋታል»፤ አጥፊ ሴት እንደማለት ነው። ለሱ ምን አወጡለት? ምንም። «ጀግና» ተባለ።

የሚገርማችሁ ግን እነዚህን ፊልሞች የማየው ለነሱ ለሴቶቹ ነው። ባርባራ ስታንዊክ በ«ደብል ኢንዴምኒቲ» ውስጥ ከደረጃው ላይ ሆና ቁልቁል ስታይ፣ በዚያ ዘመን ፊልም ውስጥ «እፈልጋለሁ» የምትል ሴት ስንት ነበረች? የምትፈልገው ክፉ ነገር ነው፣ እሺ። ግን ትፈልጋለች።

ደግሞ ስፔድን ሕሊናው ነው ያስገደደው አትበሉኝ። ከ1934 ጀምሮ ሆሊውድ በሳንሱር ደንብ ነበር የሚሠራው። ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም። ብሪጅድን ያሳሰራት ሳንሱሩ ነው።

ጥላ ከለላ

ሻይ በሎሚ፣ የሊፍቱን ነገር እጄን አንስቼ ተቀብያለሁ። አምስት ጊዜ አይቼው እሱ በደረጃ መውረዱን ልብ አላልኩም። አሁን አይወጣልኝም።

የሳንሱሩን ግን አልቀበልም። መጽሐፉ ደንቡ መሥራት ከመጀመሩ በፊት በ1930 ነው የታተመው። እዚያም አሳልፎ ይሰጣታል። ሳንሱር የሌለበት ሃሜት ነው የወሰነው።

ሻይ በሎሚ

እሺ፣ አንድ ለአንተ። ሃሜትም ወንድ ነው ብዬ ግን ልለፍ።

ቅኔ ዘራፊ

ሳንሱር ከተነሳ አይቀር እኔም ልግባ። ደንቡ የከለከለውን ነገር ጸሐፊዎቹ በጓሮ በር አስገቡት። «ዘ ቢግ ስሊፕ»ን (1946) አስታውሱ። ቦጋርትና ሎረን ባኮል ተቀምጠው ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ያወራሉ። ፈረሱ ከኋላ ይነሳል ወይስ ከፊት ይመራል፣ ማን ነው የሚጋልበው፣ ምናምን። ሳንሱሩ ስለ ፈረስ መስሎት አሳለፈው። ሰሙ ፈረስ ነው፣ ወርቁን ያገባ ያውቀዋል።

እንዲያውም የፊልሙ ታሪክ ራሱ አይገባም። ሾፌሩን ማን እንደገደለው ሲጠፋቸው ደራሲውን ሬይመንድ ቻንድለርን ጠየቁት። እሱም አላውቅም አለ። ማንም ግድ አልሰጠውም። ሰው የሚያየው ንግግሩን ነው።

ዝምተኛው

ይሄ አሽሙር ነው እንጂ ቅኔ አይደለም። ሕብረ ቃሉ የታለ?

ቅኔ ዘራፊ

እሺ የኔታ።

የሌሊት ፈረቃ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በሌሊት እሠራለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ መኪና አይመጣም፣ ስለዚህ ፊልም አያለሁ። የድሮ ፊልም የጀመርኩት ነፃ ስለሆነ ነው፤ በኋላ ለመደብኝ።

ስለ «ደብል ኢንዴምኒቲ» ሁሉም የሚያወራው ስለ ስታንዊክ ነው። እኔ ስለ ቻርሊ ላውራ። ቻርሊን የሚያስታውስ አለ?

ላላያችሁት፣ ዋልተር ኔፍ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመድን ሻጭ ነው። ከደንበኛው ሚስት (ስታንዊክ ናት) ጋር ተማክሮ ባልየውን ይገድላል። ባቡር ላይ ለሚደርስ አደጋ መድኑ እጥፍ ስለሚከፍል ሞቱን የባቡር አደጋ ያስመስሉታል። ያን ምሽት ኔፍ ቤቱ ነበርኩ የሚልበት ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩ የት አለ? ሕንፃው ምድር ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ። ቻርሊ መኪና አጣቢ ነው፣ ጥቁር ነው። ኔፍ መኪናዬን እጠብልኝ ብሎት በኋላው ደረጃ ሹልክ ይላል። ገድሎ ሲመለስ እንደገና ይወርዳል፣ ቻርሊ እንዲያየው ብቻ። ሰላም ብሎት ይሄዳል።

እኔ ማታ ማታ ሰላም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ያንን ፊልም ካየሁ በኋላ ስንቱን ጨዋ ባለ ከረባት «አንተ ደግሞ ከምኑ ነው የመጣኸው?» እያልኩ እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

ነገሬን ላሳጥር። ጉድለት ያለበት ጀግና ስትሉ፣ ጉድለቱ የሚያምርበት ሰው አለ፣ የማያምርበት አለ። ኔፍ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እናዝንለታለን፣ ምክንያቱም ታሪኩን የሚተርክልን እሱ ነው። ቻርሊ ሊተርክ ቢቀመጥ ሌላ ፊልም ይሆናል። «ጥቁር ፊልም» ይሉታል፣ ጥቁሩ ሰውዬ ግን መኪና ያጥባል።

ይሄ የቆጨው እኔን ብቻ አይደለም። «ዴቭል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ» የሚባለውን የ1995ቱን ፊልም እዩት። ዴንዘል ዋሽንግተን ነው። ዘመኑ 1948፣ ከተማው ያው ሎስ አንጀለስ። ኢዚ ሮሊንስ ከአውሮፕላን ፋብሪካ ይባረራል፣ የቤት ዕዳ አለበት። መርማሪ የሚሆነው ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። ባርኔጣው ለማማር አይደለም። ለኔ ከሁሉም የሚገባኝ መርማሪ እሱ ነው። የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ለምን አደገኛ ሥራ እንደሚቀበል ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መብራት ጠፋ

ይሄን አንብቤ ሳልመልስ ተነስቼ ፊልሙን ከፈትኩት። ያ ጋራዥ ውስጥ መብራቱ ሳይቀር ሌላ ነው፤ ከላይ ያለው ክፍል ጥላ በጥላ ነው። ወንድሜ፣ እኔ ግማሽ ፊት ስል የማን ግማሽ ፊት እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

ጥላ ከለላ

የሌሊት ፈረቃ፣ እግዜር ይስጥህ። ምን እንደምል ጠፋኝ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር ብቻ። በዚያ ፊልም ውስጥ መርማሪው ኔፍ አይደለም፤ ኪይስ ነው። የመድን ድርጅቱ የካሳ መርማሪ፣ ኤድዋርድ ጂ ሮቢንሰን የሚሠራው። ሆዱ ውስጥ ያለች ትንሽ ሰውዬ ውሸት ሲሸታት ምግብ እንደማታስበላው የሚያወራው። ያ ሰውዬ ከተማውን ሁሉ ይጠረጥራል። ኔፍን ብቻ አይጠረጥርም። ለምን? ይወደዋላ። ጉድለቱ እሱ ነው።

ፊልሙን ሙሉ ኪይስ ሲጋር ይዞ ክብሪት ሲያጣ ኔፍ በጥፍሩ ክብሪት ጭሮ ይለኩስለታል። መጨረሻ ላይ ኔፍ ቆስሎ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ክብሪቱን መጫር አቃተው። ኪይስ ጎንበስ ብሎ ይጭርለታል። አለቀ። ዳይሬክተሩ ዋይልደር ከዚያ በኋላ ኔፍ በጋዝ ሲገደል የሚያሳይ ትዕይንት ቀርጾ ነበር፤ ቆርጦ ጣለው። ጥሩ አደረገ።

የፒያሳ ልጅ

ጥላ ከለላ፣ ሐሳብህን ላፍርስብህ ነው። «አንድ የማይሸጠው ነገር» ያልከው በ«ቻይናታውን» ላይ አይሠራም።

ጄክ ጊቲስ፣ ጃክ ኒኮልሰን፣ 1974። የባልና ሚስት ጉድ እያነፈነፈ የሚኖር መርማሪ ነው። ነጭ ሱፍ ይለብሳል፣ ንጹሕ ነው፣ አፉ ይሠራል። ገና ሳይጋመስ አፍንጫውን በስለት ይቀዱታል። (የሚቀደው ትንሹ ሰውዬ ራሱ ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ ነው።) ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ፊልም ፊቱ ላይ ፋሻ ለጥፎ ነው የሚዞረው። እስቲ የትኛው የቪዲዮ ቤት አክተር አፍንጫው ታሽጎ ይዞራል?

ነገሩ የሎስ አንጀለስ ውሃ ነው። ከተማዋ በ1913 ከኦወንስ ሸለቆ ውሃ ጠልፋ ያመጣችበት እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ሮበርት ታውን መነሻ ያደረገው እሱን ነው። ጊቲስ ውሃው የት እንደሚሄድ ይደርስበታል። መሬቱን ማን እንደሚገዛ ይደርስበታል። ሁሉን ይደርስበታል፣ ሁልጊዜ ግን አንድ እርምጃ ዘግይቶ። ድሮ ፖሊስ ሳለ አንዲት ሴት እንዳትጎዳ ብሎ እሱው ለጉዳት እንዳበቃት ይናገራል። መጨረሻ ላይ ያንኑ ይደግመዋል። ደንበኛው የሆነችውን ሴትዮ ለማዳን ያደረገው ነገር ሁሉ ወደ ሞቷ ይወስዳታል።

እሱ ምንም አልሸጠም እኮ። ጉድለቱ ክፋት አይደለም፣ ስስትም አይደለም። የገባው ይመስለዋል። በቃ። ይሄ ከስፔድ በላይ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም እኔም የገባኝ ይመስለኛል።

ታውን ሌላ መጨረሻ ነበር የፈለገው። ፖላንስኪ ትሙት አለ። እና አሁን ልብ በሉ፦ የዚያ ፊልም ሰይጣን፣ ሽማግሌው ኖዋ ክሮስ፣ ማን ነው የሚሠራው? ጆን ሂዩስተን። «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን የሠራው ሰውዬ። ከ33 ዓመት በኋላ መጥቶ የመርማሪውን ስም እያጣመመ «ሚስተር ጊትስ» ሲለው፣ ልጁን የሚቆጣ አባት ነው የሚመስለው።

ሻይ በሎሚ

ስለዚህ መርማሪው ጥሩ ሰው ሲሆንም የምትሞተው ሴቷ ናት። መዝግቡልኝ።

የፒያሳ ልጅ

ተመዝግቧል እህቴ።

ዝምተኛው

እሺ፣ አንድ ጊዜ ልናገር።

«አውት ኦፍ ዘ ፓስት»፣ 1947። ሮበርት ሚቸም። ድሮ መርማሪ ነበር፣ አሁን ትንሽ ከተማ ውስጥ ማደያ ከፍቶ ተደብቋል። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሀብታም ቁማርተኛ የሸሸችበትን ሴት ፈልግልኝ ብሎት አካፑልኮ ድረስ ሄደ። አገኛት። ወደዳት። ለላከው ሰው ዋሸ። ከዚያ ጀምሮ ሁሉም ነገር ዕዳ ነው።

ማደያው ላይ አብሮት የሚሠራ ልጅ አለ። መስማትም መናገርም አይችልም። ማንም ስለሱ አያወራም። አንድ ቦታ ላይ ሚቸምን ከገደል አናት ሊተኩስበት የመጣውን ሰው በዓሣ ማጥመጃው መንጠቆ ጎትቶ ይጥለዋል። ያለ ምንም ቃል።

መጨረሻ ላይ ሚቸም ይሞታል። ከዚያች ሴት ጋር መኪና ውስጥ። በከተማው ውስጥ የምትወደው ሌላ ጨዋ ሴት አለች። ልጁ ጋ ትመጣና አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፣ ከሷ ጋር ሊሄድ ነበር? ብላ። አልነበረም። ልጁ ያውቃል። አዎ ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል።

ሴትዮዋ ወደ ሌላ ሰው መኪና ትሄዳለች፤ የሞተ ሰው ስትጠብቅ አትኖርም። ልጁ ማደያው ላይ ያለውን የሚቸምን ስም ቀና ብሎ አይቶ ሰላምታ ይሰጠዋል። የጓደኛውን ስም አጥፍቶ ነው ሰላምታ የሚሰጠው።

ስለ ጉድለት ስትጠይቁ እኔ ትዝ የሚለኝ ያ ነው። ጨርሻለሁ።

የሌሊት ፈረቃ

ዝምተኛው፣ አንተ ሰውዬ እስካሁን የት ነበርክ?

ቅኔ ዘራፊ

የኔታ፣ ሕብረ ቃሉ ተገኘ። የልጁ ዝምታ።

ዝምተኛው

አሁን ይሻላል።

ጥላ ከለላ

ለቅዳሜ እሱን አውርጃለሁ። ወንድሜ «አክተሩ ደግሞ ሌባ ከሆነ አልመጣም» ብሎኛል፤ ቆሎና ሻይ አለ ብዬ አሳምኜዋለሁ። ዘንድሮ አክተሩን ራሱ ይፈልገው፣ እኔ አልነግረውም። እስኪያገኘው ግን ማደያው ላይ ያለውን ልጅ ልብ በል ልለው አስቤያለሁ።

ዝምተኛው

እሱንም እንዳትነግረው።